የነሐሴ ውሃ፣ የሚያዝያ ሙቀት

ባለፈው ግንቦት ግቢዬን ሲሚንቶ ላስደፍን አንድ ግንበኛ ጠራሁ። ጎረቤቶቼ ግራና ቀኝ ጨርሰዋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከውጭ በር እስከ ቤት በብሎኬት ስባሪ ላይ እየዘለልኩ የምገባ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ግንበኛው ዞር ዞር ብሎ ግቢውን በዓይኑ ለካና «ጋሼ፣ ይቺን ማንጎ ካነሳናት ሥራው ይቀላል፤ ሊሾው አንድ ወጥ ይሆናል። ቅጠል ከማስጠረግም ይገላገላሉ» አለኝ። ነገ እደውልልሃለሁ ብዬ ሸኘሁት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሌሊት ሒሳብ ነው።

ከተማ የአየር ንብረት ለውጥን ይላመድ ሲባል ሰው የሚያስበው ትልቅ ትልቁን ነው፤ ግድብ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር፣ ከውጭ የመጣ አማካሪ። ባሕር ዳር ላይ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከግቢ ወለል ነው ባይ ነኝ። ነሐሴ ላይ መንገዱን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍና ሚያዝያ ላይ እንቅልፍ የሚነሳን ሙቀት የማይተዋወቁ ችግሮች ይመስላሉ። አንዱ የውሃ መብዛት፣ ሌላው የውሃ መጥፋት ነው። የሚያገናኛቸው አፈሩ ነው። አፈሩን በደፈንነው መጠን ለነሐሴ ጎርፍ እንጨምራለን፣ ከሚያዝያ ቅዝቃዜ እንቀንሳለን።

መጀመሪያ ውሃው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው፤ ሌላ ቀመር አያስፈልግም። የእኔ ግቢ ከነቤቱ 200 ካሬ ነው። አንድ ሌሊት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 6,000 ሊትር ይወርድበታል፣ በትልቁ በርሜል 30 በርሜል ማለት ነው። ግቢው አፈርና ተክል ከሆነ ከፊሉ ቅጠል ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ይሰርጋል፣ የተረፈው እያቅማማ ይወጣል። ጣራ፣ ሊሾና ታይልስ ከሆነ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ በበሩ ሥር ሾልኮ መንገድ ላይ ይገኛል። በአንድ ሰፈር መንገድ ዳር እንዲህ ያሉ 50 ግቢዎች ቢኖሩ 1,500 በርሜል ውሃ እኩል ደርሶ ከአንዲት ቦይ ላይ ይወድቃል። ቦይዋ የተቆፈረችው ደግሞ ግቢዎቹ ሣር በነበሩበት ዘመን ነው።

ታዲያ ቦዩን ማስፋት ነዋ የሚል አይጠፋም። በዳገት ከተማ ቢሆን እስማማ ነበር። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት የተመቸ መሬት ለውሃ አይመችም። ተዳፋትነት የሌለው ቦይ ውስጥ ውሃው ስለሚያዘግም ያመጣውን ደለልና ፌስታል እዚያው ያራግፋል፣ በሁለተኛው ዝናብ ቦዩ ግማሽ ቦይ ነው። በዚያ ላይ መድረሻው ጣና ራሱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሐይቁ ሰኔ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ቆይቶ፣ በመስከረምና በጥቅምት መካከል ከፍታው ላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ በአማካይ 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ ጠግቦ ሳለ፣ የቦዩ አፍና የሐይቁ ፊት ይቀራረባሉ። ያኔ ቦዩን በእጥፍ ብናሰፋው ሰፊ የቆመ ውሃ ነው የምናገኘው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ውሃውን ቦይ ከመድረሱ በፊት መቀነስና ማዘግየት ነው። ያው 6,000 ሊትር በአሥር ደቂቃ ሲወጣ ጎርፍ ነው፤ በአራት ሰዓት ሲወጣ ማንም ልብ አይለውም።

የአየር ንብረት ለውጡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል። ዓለም ደግሞ ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረችበት ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች። የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ፣ ለባሕር ዳር 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ባይጨምር እንኳ የተሸከመውን በአንዴ የሚያራግፍ ከባድ ዝናብ የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል። ቦይ የሚሞላው በዓመቱ ድምር አይደለም። በአንዲት ክፉ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ሚያዝያ እንለፍ።

እንስራ ውሃን ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ያደገበት ሁሉ ያውቃል። እንስራው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት አንድ ሺህ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምድጃ በ40 ደቂቃ የሚያወጣውን ያህል ነው። ዛፍም እንስራ ነው፤ ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ያልበዋል። የእኔ ማንጎ በቀን 50 ሊትር ብታልብ፣ አፈሩ ርጥበት ካለው ለትልቅ ዛፍ የሚበዛ አይደለም፣ ያ ምድጃ ከ30 ሰዓት በላይ ነድዶ የሚያወጣውን ሙቀት ከግቢዬ እንደ ማስወጣት ነው። ይህን ለማድረግ ግን ሚያዝያ ላይ ሥሯ ውሃ ማግኘት አለበት። ሚያዝያ ላይ ከሰማይ የሚወርድ ብዙ ነገር የለም፤ ያለው ክረምት ላይ የሰረገው ነው። በነሐሴ በበሩ ሥር የሸኘሁት 30 በርሜል ሚያዝያ ላይ የሚያቀዘቅዘኝ ነበር ማለት ነው።

ሊሾው በበኩሉ የሚያልበው ነገር የለውም። የፀሐዩን ሙቀት ቀን ሙሉ ይውጣል፣ ማታ ይተፋዋል። ሙቀት መጨመሩን ሰው የሚያውቀው በቀኑ ይመስለዋል፤ ሰውነትን የሚጎዳው ግን ሌሊቱ አለመብረዱ ነው። ሽማግሌ፣ ሕፃንና የልብ ሕመምተኛ ማረፊያ የሚያገኙት ሌሊት ነውና።

ስለ ፀሐይ ካነሳን ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚሠራ ሁሉ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ 12 አካባቢና በነሐሴ 16 አካባቢ። የነሐሴው ፍልሰታ የሚፈታበት ዕለት ነው፣ ደመናው ስለሚሸፍናት አናያትም። የሚያዝያ ሚካኤል ዕለት ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታችሁ ቁሙ፤ ጥላችሁ ከእግራችሁ ሥር ይገባል። በዚያ ወቅት ቀትር ላይ የሚመታው ጣራው ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝቅ ብላ የምሥራቁንና የምዕራቡን ግድግዳ ትጠብሳለች። የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ በቀላሉ የሚጠለሉ ናቸው። በደቡብ በኩል ፀሐይ እጅግ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ የቀትር ፀሐይ 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት፤ አንድ ሜትር ወጣ ያለ የጣራ ክፈፍ 1.4 ሜትር ግድግዳ ያጠላል። በሰሜን በኩል በሰኔ አጋማሽ ያው አንድ ሜትር ሙሉውን ግድግዳ ያለብሳል።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ቤቱ ረጅም ጎኑን ወደ ሰሜንና ደቡብ ያዙር፣ መስኮቶቹ እዚያ ይሁኑ። ወደ ምዕራብ ማድ ቤት፣ መጸዳጃ፣ ደረጃ ወይም ዛፍ ይሁን። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፤ ንድፉ ላይ ወረቀቱን ማዞር ነው። ከዋናው መንገድ ዳር የሚቆሙትን አዳዲስ ሕንፃዎች ስመለከት ግን ፊታቸው ወደ ምዕራብም ይሁን ወደ ሰሜን ያው ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ነው። ከውስጥ መጋረጃ ይጎተታል፣ መብራት ይበራል፣ ቬንቲሌተር ይተከላል። በመስታወት የገባ ሙቀት በመጋረጃ አይመለስም፤ አንዴ ገብቷል። ጥላ ከውጭ በኩል ካልሆነ ጥላ አይባልም።

ጣራውን በተመለከተ ቆርቆሮን የሚሰድቡ አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። የቆርቆሮ ጥፋቱ ከኮርኒሱ ጋር ተጣብቆ መተኛቱ ነው። ያልተቀባ ቆርቆሮ ብርሃኑን ቢያንጸባርቅም የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ ለመልቀቅ ሰነፍ ነው፣ ስለዚህ ይግላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያሻሽላል። ከዚያ የሚበልጠው አየር ማሳለፍ ነው። የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2001 በተወለደበት በጋንዶ መንደር የሠራው ትምህርት ቤት ቆርቆሮውን ከጭቃ ጡቡ ክፍል በላይ በብረት አንስቶ ሰቅሎታል፤ በመሐል ነፋስ ያልፋል፣ የቆርቆሮው ግለት ተማሪው ጋ ሳይደርስ ይወሰዳል። ኬሬ በ2022 የአርክቴክቶችን ትልቅ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። እኛ ጋ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጣና ደሴቶችና በዘጌ ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ጣራቸው ሰፊ ነው፣ ዙሪያቸውን ጥላ ያለው መተላለፊያ አላቸው፣ መቅደሱ ከውስጥ ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ፀሐይና ዝናብ ሳይደርስባቸው የቆዩት በዚህ አሠራር ነው። ጣራ ማለት ከግድግዳው የሚያልፍ ነገር መሆኑን እነዚያ ሠሪዎች ያውቁ ነበር። የዛሬው ብሎኬት ቤት ክፈፉ አንድ ክንድ አይሞላም።

ነፋሱ ደግሞ ከጣና ይመጣል። ቀን መሬቱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ሲነሳ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ወደ ከተማው ይገባል። ሌሊት ይገለበጣል። መሬቱ ሲበርድ ሐይቁ ሞቆ ይቆያልና አየሩ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ በደቡቡ ዳርቻ ዝናቡ ሌሊት መምጣት የሚያበዛውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ከተማው ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለሆነ የቀኑ ነፋስ የሚገባው ከሰሜን ነው። እንግዲህ ለፀሐይ ብለን ወደ ሰሜን ያዞርነው ቤት ለነፋሱም ተመቸ፤ በሰሜን አንድ፣ በደቡብ አንድ መስኮት ካለው ክፍሉ ይተነፍሳል። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ቢከፈትም አይተነፍስም፣ የገባው የሚወጣበት የለውምና። ማታ በትንኝ ምክንያት መስኮት የሚዘጋ ቤት ደግሞ ወንፊት ሽቦ ያስገጥም፤ ከቬንቲሌተር ይረክሳል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜም አይነሳም። ለአንዱ ሕንፃ የሚበጀው ለኋለኛው ሊጎዳ ይችላል። በሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ረጅም ጎኑን ወደ ሰሜን ቢያዞር ለራሱ ጥሩ አደረገ፤ እንግዳው ሐይቅ ያያል፣ ነፋስ ይበላል። እንዲህ ያሉ አምስት ሕንፃዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቢቆሙ ግን ለኋለኛው ሰፈር ግንብ ሆኑበት። በግለሰብ ብልኅነት የማይፈታው ይህ ነው፣ ፕላን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በሕንፃና በሕንፃ መካከል ሰፊ ክፍተት፣ ምድር ቤቱን በከፊል በዓምድ ላይ ማንሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሐይቁ ወደ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚገቡ መንገዶችን መጠበቅ። እነዚያ መንገዶች የከተማው አፍንጫ ናቸው። በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ያወጡት የከተማዋ ፕላን ሰፋፊ ጎዳናዎችን ትቶልናል፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ስፋት ልግዛ ብትሉ በካሳ ክፍያ ብቻ ከተማው ይደኸያል።

በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ ዘንባባው ያምራል፤ የባሕር ዳር መታወቂያ ነው፣ ማንም አይንካው። እውነቱን ለመናገር ግን ዘንባባ የፎቶ ዛፍ ነው። ጥላው ከግንዱ ርቆ እንደ ሳህን ክብ ይወድቃል፣ እግረኛው ጋ ሲደርስ ጠፍቷል። ሊስትሮውና ቡና የምታፈላው ልጅ የት እንደሚቀመጡ ተመልከቱ፤ ዋርካና ሾላ ሥር ናቸው። ኮሪደር ልማቱ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ሲያወጣ ደስ ይለኛል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የሚተከለው በጥላው ይመረጥ፤ ንጣፉም እስከ ግንዱ አንገት አይዝለቅ። የዛፍ ሥር አየርና ውሃ የሚያገኘው በአፈሩ በኩል ነው። በሲሚንቶ የታነቀ ዛፍ ወይ ይደርቃል ወይ ንጣፉን ፈንቅሎ ይነሳል፣ ያኔ «አበላሸ» ተብሎ ይቆረጣል።

ከጎዳናው ወደ ዳርቻው ስንወርድ ነገሩ ይከብዳል። በየዓመቱ 1.6 ሜትር የሚነሳና የሚወርድ ሐይቅ ዳርቻው መስመር አይደለም፣ ቀበቶ ነው፤ ግማሹን ዓመት ውሃ፣ ግማሹን መሬት። የዚያ ቀበቶ ባለቤት ደንገል ነው። ሰው ደንገልን የሚያውቀው በታንኳው ነው፤ ሥራው ግን ከታንኳ ይሰፋል። ማዕበሉን ይሰብራል፣ ደለሉን ይይዛል፣ ከማሳና ከከተማ የሚመጣውን ማዳበሪያና ቆሻሻ ያጣራል። ያ ማዳበሪያ ሳይጣራ ሐይቅ ሲገባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የምናውቀው እምቦጭ ይቀለብበታል። ደንገሉን ነቅለን በግንብ ስንተካው፣ ከግቢዬ የወጣው ጎርፍ ሳይጣራ ቀጥ ብሎ ይገባል ማለት ነው።

ቀበቶው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አንዴ አይተነዋል። በ1988 ዓ.ም. ከዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠርቶ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ጣና እጅግ ወረደ፤ መርከብ መንቀሳቀስ ተቸገረ፣ ደንገሉ ደረቀ፣ በተገለጠው መሬት ላይ ከብት ተሰማራ፣ ተዘራ። ውሃው ሲመለስ ደንገሉ እንደ ነበረ አልተመለሰም። ሐይቁ በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው፣ ስፋቱ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ገበታ ነው፤ ጥቂት ሲወርድ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ስለዚህ የዳርቻ መናፈሻ ስንሠራ ከግንብ ይልቅ ሲረጥብ የማይከፋው ቢሆን እመርጣለሁ፤ በእንጨት ወይም በዓምድ ላይ የተነሳ መተላለፊያ፣ ከሥሩ ደንገል።

ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ከተሞችን «ስፖንጅ» አድርጎ ውሃ የማጠጣት ፖሊሲ ይዛለች፣ እኛም ጋ ቃሉ በስብሰባ ላይ መሰማት ጀምሯል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስፖንጅ ግን ከሞላ አይጠጣም። ሐይቁ አጠገብ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጉድጓድ ብትቆፍሩ ከታች ነው የሚሞላው። ዋልካ አፈር ደግሞ ሲረጥብ አብጦ ይዘጋል። በጉድጓድ መጸዳጃ አጠገብ ውሃ ማስረግም ቆሻሻውን ወደ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ መላክ ነው። እዚያ ማስረጉ ካልሆነ ማቆየቱ አለ፦ ጣራ ላይ፣ በበርሜል፣ በሮቶ፣ ዝቅ ባለ ሣር ላይ፣ በረግረግ። 100 ካሬ ጣራ በዓመት የሚቀበለው 140,000 ሊትር ነው፤ አሸንዳ ካለው።

እኔም ይህን ሁሉ አውቄ ተሳስቻለሁ። ግንበኛውን መልሼ ጠራሁትና ሊሾውን ትተን በጥቁር ድንጋይ መርገጫ፣ በመሐሉ ጠጠር፣ በማንጎዋ ዙሪያ ደግሞ የአሸንዳው ውሃ የሚያርፍበት ዝቅ ያለ መደብ እንሥራ አልኩት። «ጋሼ፣ ውሃውን ጋብዘው ሊያሳድሩት ነው?» ብሎ ሳቀ። በሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውሃው አደረ። በማግሥቱም አደረ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ «የወባ ትንኝ ልታረባልን ነው?» አለችኝ፣ ልክ ነበረች፤ እንዲህ ያለ መደብ በሁለት ቀን ውስጥ መድረቅ አለበት፣ ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ሊበቃት ይችላልና። ለካ አንድ ክንድ ሳይሞላ ዋልካ ነው የተኛው።

ግንበኛው ሁለተኛ መጥቶ ዋልካውን አወጣ፣ ድንጋይና አሸዋ ሞላ፣ ትርፉ ውሃ ወደ መንገዱ እንዲወጣ በጎን ቱቦ ቀበረ። የሁለት ቀን ሒሳብ ተቀበለኝ፤ ሲሚንቶ ስላልገዛሁ በድምሩ ከሊሾው ረከሰ። ነሐሴ ላይ ውሃው ማታ ገብቶ በማግሥቱ እስከ ቀትር ያልቃል። ቅጠሉን ግን አሁንም በየጠዋቱ እጠርጋለሁ።